ቀድሞ የማይነሳ ባንዲራ

መናኸሪያው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ደቂቃ» ነው። ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ ዘግይቶ አያውቅም ቢባል ውሸት ይሆናል። ዘግይቶ ያውቃል፤ መንገድ ይቆፈራል፣ ጎማ ይፈነዳል። ቀድሞ ተነስቶ ግን አያውቅም። ፌርማታ ላይ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ከደረሰ ሞተሩን ያጠፋና እጁን መሪው ላይ አጣምሮ ይቀመጣል። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ቢያቀልጠውም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ምክንያት አለው፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። የዘገየ አውቶቡስ ሰው ሁሉ ይሰድበዋል እንጂ ሰው ሁሉ ይሳፈርበታል። ቀድሞ የሄደ አውቶቡስ ግን ጥሎ የሚሄደው በሰዓቱ የመጣውን ሰው ነው። ጥፋት የሌለበትን መቅጣት ደግሞ እሱ ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትውል ወገቧን ያማት ጀመርና፣ ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛዋ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ እየጎተተች ወስዳ የሰፈሩ የሩጫ ማኅበር ውስጥ ጣለቻት። ወገቧ ዳነ፤ ሩጫው ግን አለቅም አላት። እሑድ ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ረጅሙን መንገድ ሮጣ ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ በሌላ ቀን አይገኝም ይባላል። ይባላል ማለቴ፣ ጋሽ ደቂቃ የሚያውቀው በወሬ ስለሆነ ነው። እሑድ እሱ ይነዳል።

ሴትየዋን አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል። በየዓመቱ በከተማው በሚደረገው የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ከአንድ ሰዓት በታች ገብታ አታውቅም። አራት ጊዜ ሞክራለች። አምና በአሥራ አንድ ሰከንድ ሳተችው። እግር አጥሯት አይደለም፤ ሽጉጡ ሲተኮስ የሚያባርራት ያለ ይመስል እግሬ አውጪኝ ትላለች፤ ከዚያ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ዳገት ሲመጣ ቀድማ ያተረፈችውን ሁሉ ከነወለዱ ይቀበላታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። አምና ጋሽ ደቂቃ ማታ ሲመለስ ወጥ ቤት ውስጥ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኛት። ስንት ገባሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ያን ቀን አንጀቱን በላችው።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ባሰ። የማኅበሩ አባል በዛና፣ ከውድድሩ በኋላ ለሁለት ይከፈል ተባለ። ከአንድ ሰዓት በታች የገባ እሑድ ጠዋት በረጅሙ መንገድ፣ ያልገባ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመናፈሻው ውስጥ። የልብስ ሰፊዋ ጓደኞች ሁሉም በታች የገቡ ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ሰዓት ነው። በአጭሩ፣ ዘንድሮ ካልገባች እሑዷም ጓደኞቿም ሄዱ ማለት ነው።

ጋሽ ደቂቃ ይህን ሲሰማ ማንንም ሳያማክር ስምሪት ክፍል ሄደና የውድድሩን ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ለተካው ሹፌር ሦስት የራሱን የዕረፍት ቀን ሰጠ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ሰዓቱ ሳይሞላ ያቺን የመድረሻ መስመር ስትረግጥ በዓይኑ ማየት። አራት ዓመት ሙሉ በወሬ የሰማው ይበቃዋል።

የፈቃዱ ወሬ ለአሰልጣኟ ለእትዬ ፊሽካ ደረሰ። እትዬ ፊሽካ ጡረታ የወጣች የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ገበያ ስትሄድም ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው። የልጆቿ ችግር (ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውንም ልጆቼ ነው የምትላቸው) ጭንቅላታቸው እንጂ እግራቸው እንዳልሆነ ከተረዳች ቆይታለች። ስለዚህ ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚመራ፣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በእኩል ሰዓት የሚያስኬድ ሰው ትፈልግ ነበር። ከጋሽ ደቂቃ የተሻለ ማን አለ? ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው በወጣትነቱ ዝናብ ሲያባርረው ስለነበር በብስክሌት እንዲመራ ተስማሙ። የውድድሩ አዘጋጆችም ዳር ዳሩን ይሂድ ብለው ፈቀዱ።

ልብስ ሰፊዋ ቢጫ ባንዲራ ሰፋች፤ መሐሉ ላይ «60» የሚል ቁጥር በጥቁር ጨርቅ ጠቀመችበት። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን አከፋፈሉ። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት ሰከንድ፤ አሥሩ ሲደመር ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል። የቀረችው ግማሽ ደቂቃ ለክፉ ቀን። ጋሽ ደቂቃ ሁሉንም በካርቶን ላይ ጽፎ ብስክሌቱ መሪ ላይ አሰረው። እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች።

«ብስክሌት ነው እሺ? አውቶቡስ አይደለም» አለችው፣ የባንዲራውን ጠርዝ እየዘመዘመች።

ቅር አለው። ልዩነቱን እንዴት አያውቅም? ብስክሌት ሁለት ጎማ ነው።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ጋሽ ደቂቃ ከጀርባው ካሰረው ቢጫ ባንዲራ ኋላ ሠላሳ ያህል ሰው ተሰለፈ። እትዬ ፊሽካ በመካከላቸው እየተመላለሰች ትእዛዟን ለመጨረሻ ጊዜ ሰጠች። ባንዲራውን የቀደመ ከዛሬ በኋላ አሰልጣኝ ብሎ እንዳይጠራት፤ መንገድ ላይ ቢያገኛትም ሰላም እንዳይላት። ከዚያ እሷ በአቋራጭ ወደ መድረሻው ሄደች።

ሽጉጡ ተተኮሰ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ እግር ሳይጠየቅ ይሄዳል። ጋሽ ደቂቃ ፍሬን እየያዘ ወረደ፤ ሠላሳው ሰው ከኋላው እየተንጋጋ ተከተለ። የአንደኛው ኪሎ ሜትር ሰሌዳ ጋ ሲደርስ ሰዓቱን አየ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ቀድመዋል። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነገር አስቦበት አደረገው ማለት ይከብዳል። እጁ ፍሬኑን ያዘ፤ ግራ እግሩ የመንገዱን ጠርዝ ረገጠ፤ ቆመ።

ከኋላው ያለው ሕዝብ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ። ከማኅበሩ ጥቂት ወንዶች አንዱ የሆነው ጥርስ ሐኪሙ ከብስክሌቱ የኋላ ጎማ ጋር ተላተመ።

«ምን ሆኑ ጋሼ? ጎማ ነው?» አለ።

«ሃያ ሁለት ሰከንድ ይቀረናል» አለ ጋሽ ደቂቃ፣ ሰዓቱን እያየ።

ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ በግራና በቀኝ እየጎረፈ አለፋቸው። አንዳንዱ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ መጥታ፣ ባለችበት እየረገጠች፣ ጥርሷን ነክሳ ልትናገረው የቻለችውን ሁሉ ተናገረችው። ብስክሌት ነው አላልኩህም ወይ፤ ሰው መሀል መንገድ ላይ ገትረህ እኔን መሳቂያ ልታደርገኝ ነው ወይ። እሱ ግን በየሰሌዳው ሰዓቱ ይከበር ነው የተባለው አለ። የባንዲራውን ሰዓት አምኖ ከኋላ የሚመጣ ሰው ቢኖር ምን ይላል? እሷም የሚመጣ ሰው የለም አለችው። እሱም ይህን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም አለ። በዚህ መካከል ሰዓቱ ሞላና ጋሽ ደቂቃ የብስክሌቱን ደወል አቃጭሎ ተነሳ።

ሁለተኛው ሰሌዳ ላይም ቆመ። ሦስተኛው ላይም። ሰው የማይለምደው ነገር የለምና፣ ሠላሳው ሰው በሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሳይታዘዝ ሰልፍ ይዞ ተገኘ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ውሃዋን ተጎነጨች። ጥርስ ሐኪሙ የተፈታ የጫማ ማሰሪያውን እያሰረ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለካ እውነት ነው እያለ ተፈላሰፈ። ከመንገዱ ዳር ቆማ ውድድሩን ስታይ የነበረች አንዲት የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴትዮም ጋሽ ደቂቃን አወቀችው።

«ጋሽ ደቂቃ፣ ዛሬ ሰባት ቁጥር የለም እንዴ?» አለች።

«አለ፤ ሌላ ሰው ነው የያዘው። መንገዱ ስለተዘጋ በላይኛው በኩል ነው የሚዞረው፤ እዚያ ጠብቂው» አለና፣ ደወሉን አቃጭሎ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መልኩን የለወጠው። መጀመሪያ ላይ እየሳቁ ያለፏቸው ሰዎች አንድ በአንድ ትንፋሽ እያጠራቸው መንገድ ላይ ይገኙ ጀመር። እነዚህም ቢጫውን ባንዲራ ሲያዩ ከኋላው ይሰለፋሉ፤ ሰሌዳው ጋ ቆሞ እንደሚያሳርፍ ሲያዩ ደግሞ ሊለቁት አልፈለጉም። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሠላሳው ሰው ስልሳ ሆኖ ነበር። ጋሽ ደቂቃ ወደ ኋላ ዞሮ አየና፣ ግፊያ እንዳይኖር፣ ለሁሉም ቦታ አለ ብሎ አስጠነቀቀ።

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን አየች፤ ከዚያ የባሏን ሰዓት አየች። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ፤ ልክ እንደተጻፈው። አምና እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድማ ደርሳ ነበር፤ ግን ግማሽ ሞታ ነበር የደረሰችው። አሁን የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው። ልትሰድበው የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው። ባሏን ትክክል ነህ ከማለት ዳገቱን ሁለት ጊዜ ብትወጣው ትመርጣለች።

ዳገቱ መጣ። እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። የከበደው እግር ያላቸውን ሰዎች አይደለም፤ ብስክሌት ያለውን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ የኖረ ሰው ዳገት የሚወጣው በሞተር ነው እንጂ በጉልበቱ አይደለም። ጋሽ ደቂቃ ፔዳሉን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተንጠለጠለበት ጥቂት ሄደና፣ ብስክሌቱ መወዛወዝ ሲጀምር ወርዶ ይገፋ ጀመር። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስልሳ ሰው ከኋላው እግሩን እየሰበሰበ ዝግ አለ፤ ባንዲራውን መቅደም ክልክል ነውና።

«እንዘገያለን እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጋሽ ደቂቃ መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውም። እሷም ይህን ስታይ እጇን ኮርቻው ላይ አድርጋ ትገፋ ጀመር። ጥርስ ሐኪሙ በሌላው በኩል ያዘ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የጋሽ ደቂቃን ወገብ ገፋች። በየትኛውም ከተማ አውቶቡስ ሲበላሽ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋ የለ? እነሱም እንደዚያው ገፉ። የዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ ሃያ ሰከንድ ዘግይተዋል። ጋሽ ደቂቃ አፍሮ ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሳይቆም አለፈ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ታች ነው። በየፌርማታው ያረፈ እግር ሁሉ አሁን የዕረፍቱን ዋጋ መመለስ ጀመረ። ስልሳው ሰው ከኋላው በረታ፤ ስምንተኛው ሰሌዳ ጋ የሃያ ሰከንዱን ዕዳ ጨርሰው ከፍለው ነበር። ጋሽ ደቂቃ ከፊት እየበረረ ጀርባውን አቀና። ሰው ከኋላው ተጭኖ፣ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ መንገዱ ጥርት ብሎ፤ ለሹፌር ከዚህ በላይ ምን አለ?

ዘጠነኛው ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ አሥራ ስምንት ሰከንድ ቀድመው ነበር። እጁ ፍሬኑን ያዘ። ግራ እግሩ መሬቱን ረገጠ። ስልሳው ሰው ለምዶታልና ያለ ጩኸት ቆመ፤ ሰልፉንም ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልቆመችም። ጥቂት እርምጃ አልፋው ሄደችና ዞር አለች። ከዚያ ቦታ የመድረሻው ሙዚቃ ይሰማ ነበር።

«ሰዓታችን ገና ነው» አለ ጋሽ ደቂቃ።

ቁጣ በፊቷ ላይ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ምሳውን በደቂቃው አቅርባለች፣ ከቤት በደቂቃው ወጥታለች፣ ሠርጓ ላይ እንኳ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ሰዓቱ ሞልቷል ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ይዛ ያስቀረችው እሷ ናት።

«ያንተ ገና ይሆናል» አለችው። «የእኔ ደርሷል።»

ሄደች። ከዚያ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዓይኗን ጨፍና ባንዲራውን አለፈች። ጥርስ ሐኪሙ ሲያልፍ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ እያለ ነበር። ከዚያ ግድቡ ተናደ፤ ስልሳው ሰው በግራ በቀኙ ፈሶ አለቀ፤ መንገዱ ላይ አንድ ቢጫ ባንዲራ፣ አንድ ብስክሌትና አንድ ሹፌር ቀሩ።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል። መሄድ ይችል ነበር። ፔዳሉን ቢረግጥ በብስክሌት የማይደርስባት ሯጭ የለችም። አላደረገውም። ሰው ባይኖርም አውቶቡስ ሰዓቱ ሳይደርስ አይነሳም፤ ይህን ካደረገ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጥሩምባ ያደነቆሩት ሁሉ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ቆመ። ሰከንዷ ስትሞላ ማንም በሌለበት ደወሉን አቃጨለና፣ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በታዘዘው ፍጥነት ብቻውን ነዳ።

መስመሩን ሲያልፍ ትልቁ ሰዓት ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ይል ነበር። ያየለት ሰው እትዬ ፊሽካ ብቻ ናት። በሰከንድ እንኳ አልተሳሳትክም አለችውና፣ ባንዲራው ኋላ ያለውን ባዶ መንገድ አየች።

ልብስ ሰፊዋ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ ጫማዋን አውልቃለች። ጓደኞቿ ከበዋታል። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች። ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ። ለስድስተኛ ጊዜ ለጓደኞቿ ስትነግራቸው ባሏን አየችና እጇን አወዛወዘች።

«አየኸኝ?» አለችው። «መስመሩን ስረግጥ አየኸኝ?»

የዚያን ጊዜ ነው የገባው። ሦስት የዕረፍት ቀን ሰጥቶ የገዛው ፈቃድ፣ ከነጋ ጀምሮ ሲጠብቀው የዋለው ነገር፣ እሱ ዘጠነኛው ሰሌዳ ጋ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ሰከንድ እየቆጠረ አልፎታል። አዎ አየሁሽ ቢል ማንም አይመረምረውም ነበር። ግን ይህ ሰው መናገር የማይችለው ነገር ቢኖር ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው።

«አላየሁሽም» አለ። «ፌርማታ ላይ ነበርኩ።»

ጥርስ ሐኪሙ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ደመና ገባበት፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ባንዲራው ከጀርባው ተጣሞ ጆሮው ላይ ወድቋል። በመጨረሻ ተነፈሰችና ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አጠለቀች።

«ሰዓትህን አምጣ» አለችው።

ፈታና ሰጣት። ለጥርስ ሐኪሙ አስያዘችው። ከዚያ ባሏን ትከሻውን ይዛ መስመሩ ላይ አቆመችውና፣ እያነከሰች በመጣችበት መንገድ ወደ ኋላ፣ ወደ መታጠፊያው ሄደች። አንድ የውድድሩ አስተባባሪ ሮጦ መጥቶ፣ እሜቴ፣ እርስዎ እኮ ገብተዋል፣ ተመዝግበዋል አላት። ገና ነኝ ብላው አለፈች።

ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ከመጨረሻዎቹ ሯጮች መሐል ነበረች። ጋሽ ደቂቃ የሚያየው ሌላ ነገር ስላልነበረው እሷን አየ። ግራ ትከሻዋ ዘንበል ይላል። ጣቶቿን መቀስ እንደያዘች ሰብስባቸዋለች። ግንባሯ ላይ የሚያውቃት አንዲት መሥመር አለች፤ ከባድ ጨርቅ ስትቆርጥ ብቻ የምትወጣ፤ እሷም አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሮጥ ኖራ እሱ አያውቅም። አለቀሰ፤ ምን ይደበቃል። አጠገቡ የቆመችው እትዬ ፊሽካ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከተተችና ሳትነፋው መልሳ አወጣችው።

መስመሩን ረገጠችና ደረቱ ላይ ተደገፈች። ላብ በላብ ነበረች።

«አሁንስ?»

«አየሁሽ» አለ። «አፍሽን ከፍተሽ ነው ለካ የምትሮጪው።»

«ዝም ብዬ የምሮጥ መስሎህ ነበር?» አለችው፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና፣ ልታሾፍበት ፈልጋ፣ «ስንት ገባሁ?» አለች።

ትልቁ ሰዓት ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀና ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ቀና አላለም።

«እንጃ» አለ ጋሽ ደቂቃ።